በሳጥን ውስጥ ምግብ አይቀመጥም

ሰኞ፣ 3

ዛሬ አንድ ኩሽና አሸግኩ። ከማቀዝቀዣው ጀርባ የሞተ አይጥ፣ ከአይጡ አጠገብ ደግሞ ለምሳ የተከተፈ ሰላጣ። ባለቤቱ እጁን እያፋተገ «እህቴ፣ ትናንት እኮ እዚህ አልነበረም» ይለኛል። አይጡን ይሁን ሰላጣውን አልጠየቅኩትም። አሥራ አራት ዓመት የምግብ ቤት ንጽህና ተቆጣጣሪ ሆኜ ስሠራ ያወቅኩት ነገር ቢኖር፣ ሰው እጁን ሳይታጠብ ዓይን ዓይንሽን እያየ እንደሚዋሽ ነው። ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ።

ከዚህ ሁሉ ቆሻሻ የማርፍበት ሳጥን ፍለጋው ነበር። ወንድሜ «የትልልቅ ሰዎች ድብብቆሽ» ይለዋል፤ ይበል። አንዱ ውሃ የማያስገባ ሳጥን ከድልድይ ሥር ወይም ከዛፍ ግንድ ውስጥ ይደብቅና የቦታውን ቁጥር ድረ ገጽ ላይ ያወጣል። ሌላው በእጅ የሚያዝ ጂፒኤሱን ይዞ ቁጥሩን ተከትሎ ይሄዳል። ሲያገኘው ውስጡ ባለችው ትንሽ ደብተር ላይ ይፈርማል፣ አንድ ትንሽ ነገር ወስዶ በምትኩ ሌላ ያስቀምጣል፣ ሳጥኑን ወደነበረበት ይመልሳል። ማታ ድረ ገጹ ላይ «አገኘሁ» ብሎ ይመዘግባል። ይኸው ነው። ንጹሕ ጨዋታ። የቡድኑ ጸሐፊ ስለሆንኩ ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው፦ በሳጥን ውስጥ ምግብ አይቀመጥም።

ትልቁ ቀን አምስት ሳምንት ቀርቶታል። የጎረቤት ከተማው ቡድን ይመጣል፣ በመናፈሻው አዳራሽ እንሰበሰባለን፣ ብዙ ሳጥን ያገኘ ሰው ሁለት መቶኛውን ሳጥን የመደበቅ ክብር ይሰጠዋል። አባባ በስድስት ሳጥን ይመራል። ሠላሳ አራት ዓመት በእግሩ ደብዳቤ ያደለ ፖስተኛ ነው፤ በዚህ ከተማ የማያውቀው በር የለም። እናቴ ከሞተች በኋላ ከወንበሩ አልነሳ ሲል፣ ቢጫዋን መሣሪያ አንገቱ ላይ አንጠልጥዬ ከቤት ያወጣሁት እኔ ነኝ። አሁን ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባል። «አገኘሁ» ይለኛል፣ እኔ እመዘግብለታለሁ፤ ኮምፒውተር አይወድም። ያንን ሳጥን እሱ እንዲደብቀው እፈልጋለሁ። ከዚህ ዓመት ሌላ ምንም አልፈልግም።

ከኋላው የሚከተለው ጥርስ ሐኪሙ ነው። ውድ መሣሪያ፣ ውድ ጫማ፣ ፈገግታው ደግሞ የክሊኒኩ ማስታወቂያ። አልወደውም።

ረቡዕ፣ 5

መኪና ውስጥ፣ በሁለት ኩሽና መሃል። የመናፈሻው የፈቃድ ደብዳቤ አልመጣም። ደወልኩ። «ማኅተም ተመትቶበት ከተላከ ሁለት ሳምንቱ» አሉኝ። ማኅተም የሌለው ወረቀት ይዤ ብሄድ ዘበኛው በሩን አይከፍትልኝም። ፖስታ ቤት ድሮ ቀረ!

ማታ የጨመርኩት፦ ለአባባ ስነግረው ተቆጣ። «ደብዳቤ አይጠፋም» አለ። «ቦታው ይደርሳል።» ሾርባውን ሳይጨርስ ተነሳ። ሙያው ተነካበት መሰለኝ።

እሑድ፣ 9

ሳጥን 31። ከቦዩ ድልድይ ሥር። ክዳኑን ስከፍተው ሽታው ፊቴን መታኝ። ተበልቶ የተረፈ ዳቦ፣ አረንጓዴ ጸጉር አብቅሎ፣ ውስጡ ነጫጭ ትሎች ይርመሰመሳሉ። ደብተሯ ረጥባ ከዳቦው ጋር ተጣብቃለች። ከቡድኑ አንዷ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ «ኡኡ!» ብላ ወደ ኋላ ስትሸሽ ጭቃው ላይ ዘጭ አለች። እኔ ጓንቴን አጠለቅኩ፤ ጓንት ከቦርሳዬ አይለይም። ገጽ በገጽ ለያየሁት። ሥራዬ ነው፣ ግን እሑድ ነበር፤ እሑድን እንኳ አይተዉልኝም።

የበላው ሰው ዳር ዳሩን ትቶ መሃሉን ብቻ ነው የቦጨቀው። ምን ዓይነት ፍጡር ነው ዳቦ እንዲህ የሚበላ?

ድረ ገጹ ላይ አሥራ አንድ ሰው ይህን ሳጥን አግኝቼዋለሁ ብሏል። ደብተሯ ላይ ያለው ፊርማ ዘጠኝ ነው። የጎደሉት የጥርስ ሐኪሙና የአባባ። አባባ መነጽሩን ረስቶ ይሆናል። ጥርስ ሐኪሙ ግን ምን ረስቶ ነው? ለእኔ፣ ቦታው ሳይሄድ «አገኘሁ» የሚል ሰው፣ ባልታጠበ ሳህን ምግብ ከሚያቀርብ አይለይም። ሁለቱንም ሳስብ ያንገሸግሸኛል።

ልብስ ሰፊዋ ቀሚሷን እያራገፈች ለአንዷ በሹክሹክታ ስትነግራት ሰማሁ፦ «ሳጥኑን የሚያቆሽሸው ሩቅ ያለ ሰው አይደለም።» ልክ ናት። ከእኛው ነው።

ማክሰኞ፣ 11

በምሳ ሰዓት ሳጥን 12ን ብቻዬን ፈተሽኩ። ባዶ ነበር። ደብተሯ ብቻ። ሌላ የምጽፈው የለም።

ዓርብ፣ 14

መናፈሻው ቢሮ ሄጄ የደብዳቤውን ግልባጭ ለመንኩ። ጸሐፊው በእስክሪብቶ ጆሮውን ኮረኮረ፣ ከዚያ ያንኑ እስክሪብቶ ነከሰ፣ ከዚያ ያንኑ «እዚህ ጋ ፈርሚ» ብሎ ሰጠኝ። በራሴ እስክሪብቶ ፈረምኩ። «ተልኮ ነበር እኮ» ይለኛል ደጋግሞ፣ እኔ የበላሁት ይመስል።

ወንድሜ ደወለ።

«አባባን የት ነህ ስለው፣ ሥራ ላይ ነኝ አለኝ።»

«ቢልስ? ሳጥን ፍለጋው ሥራው ሆኗል።»

«ገና ሦስት መንገድ ይቀረኛል አለኝ እኮ። ሳጥን አላለም፤ መንገድ ነው ያለው።»

«ደህና ነው። ከአንተ የተሻለ ይራመዳል።»

«እኔ ጋ ይክረም። ብቻውን አይዋል፣ እባክሽ።»

ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። በዓመት ሁለት ጊዜ ብቅ ብሎ ሶፋ ላይ የሚጋደም ሰው ስለ አባባ ሊያስተምረኝ!

እራት ላይ አባባ «ጨው አቀብይኝ፣ እታለም» አለኝ። እታለም የሚላት እህቱን ነበር፤ ከሞተች ሃያ ዓመት አልፏታል። ደክሞት ነው። ጫማው ውስጥ ውሃ ነበር። ካልሲውን ሳወልቅለት ጣቶቹ ነጭ ሆነው ተጨማድደዋል። ስንት ሰዓት ቢሄድ ነው? «ስንት አገኘህ?» አልኩት። «ሁሉንም አደረስኩ» አለ። አራት ብዬ መዘገብኩ።

እሑድ፣ 16

ጉድ ነው የገጠመን።

የቡድን ጉዞ ነበር፤ አሥራ አራት ሰው። አባባ ጉንፋን ይዞት ቤት ቀረ። ሳጥን 47 ጋ ስንደርስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ግንዱን ከበን ቆምን፣ ልብስ ሰፊዋ ክዳኑን ከፈተችና ዝም አለች። እሷ ዝም ካለች የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። በሶፍት የተጠቀለለ ነገር ነበር። ተቀብዬ ፈታሁት። ሙሉ የላይ ጥርስ። ሰው ሠራሽ። ሮዙ ድድ ላይ የደረቀ ምግብ ተለጥፎበት፣ አንዲት ጉንዳን በፊት ጥርሶቹ መሃል ትገባለች ትወጣለች።

ከሰው ኩሽና ብዙ ነገር አውጥቼ አውቃለሁ፤ የሰው አፍ ግን አውጥቼ አላውቅም።

«ደንቡ አንድ ነገር ወስደህ አንድ ነገር ተው ነው» አለ አንዱ። «ሰውዬው ምን ቢያገኝ ነው ይህን የተወው?»

«ምንም ያግኝ፣ ከእንግዲህ አይበላውም!» አለች ልብስ ሰፊዋ። ሳቁ የዛፉን ወፎች አስነሳ። እኔም እየተጸየፍኩ ሳቅኩ።

ጥርስ ሐኪሙ ብቻ አልሳቀም። ከእጄ ወሰደው፣ ገለበጠው፣ ውስጡን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ። «እኔ ጋ ይቀመጥ» ብሎ በንጹሕ መሐረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።

እጅ ከፍንጅ! ከመሃላችን እንዲህ ያለ ነገር በመሳቢያው የሚያኖር ሌላ ማን አለ? ቀልድ መሆኑ ነው እንግዲህ። በአባባ መበለጡ አንገብግቦት ጨዋታውን ሊያቆሽሽብን ነው። ቤት ገብቼ እጄን አራት ጊዜ ታጠብኩ።

ሰኞ፣ 17

ለአባላት በሙሉ መልእክት ላክሁ። ስም አልጠራሁም። «ከሙያው የሚያገኘውን አስቀያሚ ነገር ወደ ሳጥን ይዞ የሚመጣ አባል» አልኩ፤ ማን እንደሆነ ያልገባው የለም። ሦስት ሰው በሳቅ መለሰ። እሱ አልመለሰም።

አባባ ዛሬም ሾርባ። ድዴን አመመኝ ይላል። አፉን ከፍቶ አያሳየኝም። ዳቦውን ዳር ዳሩን ትቶ መሃሉን ብቻ በላ። ሐኪም ጋ እንሂድ ስለው አፉን በእጁ ሸፈነ። ጥርሱን የሠራለት ያው ሰውዬ ስለሆነ እኔም አልገፋሁበትም።

ሐሙስ፣ 20

መላ አገኘሁ።

መሣሪያዎቹ የሄዱበትን ሁሉ ይይዛሉ። ይዘሽው ከቤት ከወጣሽበት ሰዓት ጀምሮ እያንዳንዱን እርምጃ በመስመር ያስቀምጡታል፤ ዱካ እንለዋለን። ማጥፋት ይቻላል፣ ግን ከመሃላችን ግማሹ ባትሪ መቀየር እንኳ አያውቅም። በትልቁ ቀን ሁሉንም መሣሪያ አንድ በአንድ ላፕቶፔ ላይ ሰክቼ ዱካውን በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ አወጣዋለሁ። ስም መጥራት የለ፣ ክርክር የለ። ሰው ይዋሻል፣ ዱካ አይዋሽም። ያላገኘውን «አገኘሁ» ያለ ሰው በስልሳ ሰው ፊት ይታያል።

ለልብስ ሰፊዋ ነገርኳት።

«የሁሉንም ሰው?» አለች።

«የሁሉንም።»

«የአባትሽንም?»

«የእሱንማ ከሁሉ በፊት!» አልኳት። አንድ ነገር ልትል ነበር፣ ተወችው።

ማክሰኞ፣ 25

ልብስ ሰፊዋ ደውላ ዙሪያ ጥምጥም ስትሄድ ቆየች። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ወንበሮቹ። በመጨረሻ አመጣችው።

«አባትሽን አውቶቡስ መናኸሪያው አየኋቸው። ቢጫዋን መሣሪያ እያገላበጡ ተቀምጠዋል። ሰላም ስላቸው፣ ይህ በር ቁጥሩ ስንት ነው አሉኝ። እዚያ ምንም በር የለም እኮ፣ እህቴ።»

«ዓይኑ ደክሞ ነው።»

«ምናልባት» አለች። ያቺ «ምናልባት» እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለች። ወሬኛ። የሰው ልብስ ስትለካ የሰው ገመናም የምትለካ።

አባባ ሲመሽ ገባ፣ ከመናኸሪያው ትራፊክ ፖሊስ ጋር። ፖሊሱ ሰላምተኛ ሰው ነው፤ ሲያመጣው ሦስተኛ ጊዜው ነው። ጓደኛ ሆነዋል። በሩ ላይ አንድ ነገር ሊነግረኝ ፈልጎ ነበር፣ አመስግኜ ዘጋሁት። አባባን «አገኘህ?» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ወደ ላይና ወደ ታች ይሁን ወደ ጎን ለይቼ ማየት አልፈለግኩም። ሁለት ብዬ መዘገብኩ።

ዓርብ፣ 28

ጥርስ ሐኪሙ ቢሮዬ ድረስ መጣ። በሩን ዘግቶ ተቀመጠ።

«ዱካ ማሳየቱን ተዪው» አለኝ።

«ለምን ሲባል፣ ዶክተር?»

«ሰው ይጎዳል።»

«የሚጎዳው የዋሸ ሰው ነዋ።»

«የዋሸ ሰው የለም። እሺ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው በዪ። ስሜን ጠርተሽ ንገሪያቸው፣ አልከራከርሽም። ከቡድኑም እወጣለሁ። ብቻ መሣሪያዎቹን አትሰኪ።»

ደሜ ፈላ። ሰው ንጹሕ ከሆነ ምን ያስለምነዋል? ማድ ቤቱን እንዳላይ በር ላይ ሻይ ካልጋበዝኩ የሚል ባለቤት ስንት አይቻለሁ። ሻዩን የማልጠጣው ለዚህ ነው።

በሩ ላይ ቆመና «አባትሽ እንዴት ናቸው?» አለኝ። «ይበላሉ?»

«ምን አገባዎት?» አልኩት።

ሲወጣ የተቀመጠበትን ወንበር በአልኮል ጠረግኩት። የቢሮ ጓደኛዬ አይታ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ይበላሉ ማለት ምን ማለት ነው? ይህን ጽፌ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ረቡዕ፣ 3

አባባ ዛሬ አልወጣም። መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ቢጫዋን መሣሪያ ይነካካል። «ወደ ቤት የምትለው የቷ ናት?» አለኝ። አሳየሁት። ቤት የምትል ምልክት አለች፣ ስትጫኛት ቀስቱ ወደዚህ ያመለክታል። ከአንድ ሰዓት በኋላ «ወደ ቤት የምትለው የቷ ናት?» አለኝ። አሳየሁት። እራት ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀኝ። ጮህኩበት።

«ያን ሁሉ ሳጥን ያገኘ ሰው ይህን ያጣል?» አልኩት።

«ይቅርታ፣ የኔ እመቤት» አለኝ። እመቤት አለኝ፣ እንደ ባዕድ ሰው። ተነስቶ ሳህኑን ራሱ አጠበ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ያለ ሳሙና። ሳህኑን ደግሜ ማጠቤን አይቷል።

ቅዳሜ፣ 6

ኬብል። ትርፍ ባትሪ። ነጭ አንሶላ ለግድግዳው። ስልሳ ወንበር፣ ሃያው ማስቲካ የተለጠፈበት፤ ሃያውንም በቢላ ፋቅኩ፤ ኤጭ። የሽንት ቤቱን ቁልፍ ተቀበልኩ፤ ውስጡን ምነው ባላየሁት። ግልባጩ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። የአባባ ሸሚዝ ተተኩሷል። ወንድሜ ነገ ጠዋት ይመጣል። ቢጫዋን ከነገ በፊት አንዴ ልያት እንዴ? አይገባም። ለሁሉም እኩል ነው። ደክሞኛል።

እሑድ፣ 7

አልጽፍም።

ማክሰኞ፣ 9

ሥራ አልሄድኩም። ጽፌው ይውጣልኝ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እንግዶቹ ሃያ ሁለት ሆነው መጡ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ቆብ አድርገው። አባባ ከፊት መስመር፣ ከወንድሜ ጎን፣ የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ አፉን በመሐረብ ይዞ ተቀምጧል። ከሁሉ በፊት የእሱን ብዬ ነበር፤ ግን አዳኝ ነኝና ከጥርስ ሐኪሙ ጀመርኩ።

አንሶላው ላይ ቀጥ ያለ ሰማያዊ መስመር ወጣ። ከመንገዱ ወደ ሳጥን 31፣ ከሳጥን 31 ወደ መንገዱ። ሌላው ሳጥን። ሌላው። ሁሉም ጋ ሄዷል። አንድም ውሸት የለበትም። ፊርማውንም ትናንት ሄጄ አየሁት፤ ገጾቹ ስለረጠቡ ከሽፋኑ ጀርባ ነበር የፈረመው። ያን ቀን ጓንት አጥልቄ ገጽ በገጽ ስለያይ ሽፋኑን አልገለበጥኩትም። እኔ፣ ከማቀዝቀዣ ጀርባ በማየት እንጀራዬን የምበላው!

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ጥርስ ሐኪሙ ብድግ ብሎ «ይበቃል፣ አሁን ምሳ ይቅረብ» አለ። ወንድሜም በዓይኑ ተዪው አለኝ። እኔ ግን ስሸነፍ እልህ ይይዘኛል። «የመሪያችንንስ አናይም?» ብዬ ቢጫዋን ሰካሁ።

የወጣው መስመር አልነበረም። የተወሳሰበ ክር ነው። መናኸሪያውን አሥር ጊዜ ይዞራል። አንድ ረጅም መንገድ ላይ በየበሩ ይቆማል፣ መጨረሻው ላይ ደርሶ ይመለሳል፣ እንደገና በየበሩ ይቆማል። የድሮ የሥራ መንገዱ መሆኑን ያወቅኩት እኔና ወንድሜ ብቻ ነን። ከዚያ ወደ ሰፈራችን ይመጣል። በበራችን ያልፋል። ዞሮ ይመጣል፣ ያልፋል። ዞሮ ይመጣል፣ ያልፋል።

ከኋላ አንዱ እንግዳ ሳቀ። «ይሄኛው ጠጥቶ ነው!» አለ። ባለ ቆቦቹ አብረውት ሳቁ። የእኛዎቹ አልሳቁም። አንዳቸውም። እግር እግራቸውን ያያሉ። ሁሉም ያውቁ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

አባባ ተነሳ። ወደ አንሶላው ተጠጋ፣ መነጽሩን አደረገ፣ መስመሩን በጣቱ ተከተለ፤ ድሮ የተበላሸ አድራሻ ሲያነብ እንደሚያደርገው።

«ይህ ሰውዬ ማን ነው?» አለኝ። ጥርስ ስለሌለው ቃሉ ለስልሶ ነው የወጣው።

እጄን ኬብሉ ላይ አደረግኩ።

«ምስኪን፣ ቤቱ ጠፍቶበታል» አለ። ጣቱን በራችን ላይ አሳረፈ። «ይኸውና እኮ ቤቱ። ሦስት ጊዜ አለፈው። የሚመልሰው ሰው የለውም እንዴ?»

ኬብሉን ነቀልኩት። አንሶላው ነጭ ሆነ፣ አባባ ግን ጣቱን ከቦታው አላነሳም።

ሐሙስ፣ 11

ያለፈውን ወር የ11ኛውን ቀን ገጽ ልቀድደው ነበር። ተውኩት፤ ውሸቴ ይታይ።

ሳጥን 12 ባዶ አልነበረም። ሰባት ደብዳቤ ነበረበት፣ በላስቲክ ታስሮ፣ በቤት ቁጥር ቅደም ተከተል። ከላይ የመናፈሻው ፈቃድ፣ ከነማኅተሙ። ሁለቱ የጎረቤቶቻችን፣ የቀሩት ከእኛው ቤት ማስገቢያ የወሰዳቸው ነበሩ። ሠላሳ አራት ዓመት እንዲህ ነበር የሚያስራቸው፤ ልጅ ሆኜ የተረፉትን ላስቲኮች ክንዴ ላይ አደርጋቸው ነበር። ሳጥኑ ለእሱ የፖስታ ሳጥን ሆኖለታል። ጭቃው ላይ ቆሜ ይህን ሁሉ አወቅኩ። ከዚያ ጥቅሉን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፣ የጎረቤቶቹን ማንም ሳያየኝ በበራቸው ሥር አሾለክሁ፣ ማታ እዚህ ቁጭ ብዬ «ባዶ ነበር» ብዬ ጻፍኩ። ፈቃዱ ቦርሳዬ ውስጥ እያለ ሄጄ ግልባጭ ለመንኩ። ፖስታ ቤቱን ሰደብኩ። ለማን ብዬ ነው የዋሸሁት? ይህን ደብተር ከእኔ ሌላ የሚያነበው የለ።

ጥርሱንስ ያን እሑድ አውቄው ነበር? እውነቱን አላውቅም። ጉንዳኗን ማየት እንጂ ጥርሱን ማየት አልፈለግኩም። አንድ ሳጥን እንዲደብቅልኝ ብዬ በዝናብ ሰደድኩት፣ ጣቶቹ ሲጨማደዱ አራት ብዬ መዘገብኩ። የዘጋኋቸው ኩሽናዎች ሁሉ ባለቤቶች ቢሰለፉ እንደ እኔ የሚቀፍ አይገኝም።

ከሥራ ስወጣ ክሊኒኩ ሄድኩ። ጥርስ ሐኪሙ ምንም ሳልለው መሳቢያውን ከፍቶ ትንሽ ሰማያዊ ሳጥን አወጣ። ጥርሱ ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ የላላው ጎኑ ተስተካክሎ።

«ዓይቼ ነው ያወቅኩት» አለ። «የራሴን ሥራ አላጣውም። ድዳቸው እየሟሸሸ ስለሄደ ሰፍቷቸው ነበር፤ ሲያማቸው ያወልቁታል።»

«ሁሉም በእርስዎ ሲስቅ እንዴት ዝም አሉ?»

«በእሳቸው ከሚስቁ» አለ።

ይቅርታ ለማለት አፌን ከፈትኩ፣ እንባዬ ቀደመኝ። መሐረብ ሰጠኝ፣ የእሱ መሐረብ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። በሩ ድረስ ሸኘኝና «ይህን ሳጥን ግን እንዳትደብቂው» አለኝ።

እሑድ፣ 21

ሁለት መቶኛው ሳጥን ወጥቷል። ቦታው የእኛ በር ነው፤ ከምሶሶው ጎን ካለችው የደብዳቤ ማስገቢያ ሥር። አሸናፊው ጥርስ ሐኪሙ ክብሩን ስለለቀቀለት የደበቀው አባባ ነው። ቡድኑ በሙሉ ቆሞ አጨበጨበለት። በማግስቱ ረሳው፣ ስለዚህ በየቀኑ እንደ አዲስ ያገኘዋል። ቢጫዋ ውስጥ ያለውን ቁጥር ሁሉ አጥፍቼ ይህን ብቻ ተውኩ። ከስሙ ሥር እኔ የመዘገብኳቸውን ውሸቶችም አንድ በአንድ ሰረዝኩ፤ ሠላሳ አንድ ነበሩ።

ብቻውን እንዲወጣ እንተወዋለን፣ ግን ብቻውን አይደለም። ወንድሜ ፈቃድ ወስዶ ሶፋው ላይ ከርሟል፤ አላማረርኩም። ሰኞና ረቡዕ እሱ፣ ማክሰኞ ጥርስ ሐኪሙ፣ ዓርብ ልብስ ሰፊዋ፣ ሌላውን ቀን እኔ፣ ከኋላ ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቀን እንከተለዋለን። ልብስ ሰፊዋ እየተከተለችው ቀሚስ ትጠልፋለች። ቀና ስትል ሁለቴ መንገዱ ጠፍቷት እሷን ፍለጋ ወጥተናል።

ዛሬ ተራው የእኔ ነበር። የድሮ መንገዱን ጨረሰ፣ በየበሩ ቆመ፣ ኪሱን ዳበሰ፣ ራሱን ነቅንቆ አለፈ። ወደ ሰፈራችን ሲዞር ደክሞት ነበር። በራችን ጋ ደረሰ። አለፈው። አፌን ልከፍት ስል ቢጫዋ ጮኸች። ቆመ፣ አያት፣ ተመለሰ። እጁን ከማስገቢያዋ ሥር ሰድዶ ሳጥኑን አወጣ።

«አገኘሁ!» አለ፣ ባዶ መንገድ ላይ።

ደረስኩበት። ደብተሯን ከፍቶ ፈረመ። ገጹ ሙሉ የእሱ ፊርማ ነው፣ አንዱ ከአንዱ እየተንጋደደ። ከዚያ ለእኔ አቀበለኝ። «አንቺም ፈርሚ፣ ደርሰሻል» አለኝ። ፈረምኩ። ስፈርም ፊቴን ሲያየው ቆየ፤ ጨዋ ሰው የማያውቀውን ሰው እንደሚያየው።

«ከሩቅ ነው የመጣሽው?»

«አዎ፣ አባባ» አልኩት።

«እንግዲያው ርቦሻል» ብሎ ከሳጥኑ ውስጥ ዳቦ አወጣ። ከዓርብ ወዲህ ሳጥኑን አልፈተሽኩትም ነበር። ለሁለት ገመሰውና ትልቁን ሰጠኝ። ዳሩ ደርቋል፣ አንዱ ጎኑ አረንጓዴ ጀምሮታል፤ እጁን ከጠዋት ጀምሮ አልታጠበም። ቆሞ ይጠብቀኛል።

በላሁት።